ቀለም የተቀላቀለበት ፕሪንተር፦ ጉዳቱን የሚያባብሱ ስህተቶች

የማይስማማ ቀለም ታንኩ ውስጥ የገባበት ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ለጥገና ሲመጣልኝ ግን ባለቤቱ ደንግጦ ያደረሰበት ጉዳት ከቀለሙ ብሶ አገኘዋለሁ። ቀለሙ ከታንኩ ሳይወጣ ቢጠሩኝ በሲሪንጅ መጥጬ ባጭር ጊዜ የምጨርሰው ሥራ ሄድ (ቀለሙን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወረቀት ላይ የሚረጨውን ክፍል) እስከ መቀየር ይደርሳል። የሄድ ዋጋ ደግሞ በትንንሾቹ ፕሪንተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ እምብዛም አይርቅም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ክሊኒንግ፣ ማለትም ፕሪንተሩ ሄዱን ራሱ እንዲያጸዳ የሚያደርገውን ትእዛዝ፣ ደጋግሞ ስለ ማዘዝ ነው፤ ብዙ ፕሪንተር ሲበላሽ ያየሁት በዚህ ነውና። እባክዎን ይህ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ይረዱ። በውስጥ ያለችው ፓምፕ ቀለሙን ከታንኩ በቱቦው ስባ፣ በሄዱ ቀዳዳዎች አሳልፋ፣ ከሥር ወዳለው የቆሻሻ ቀለም ስፖንጅ ትደፋዋለች። ታንኩ ውስጥ ያለው የተበላሸ ቀለም ከሆነ የሚሳበውም እሱው ነው። ታንክ ላይ ብቻ የነበረ ችግር ቱቦ ይገባል፤ ከቱቦም ሄዱ ጋ ይደርሳል። እርስዎ ያጸዱ ይመስልዎታል፤ የሚያደርጉት ግን መርዙን ወደ ልቡ መሳብ ነው።

አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት በፈተና ሰሞን ጥቁር ቀለም አልቆባት ጎረቤት ካለ ሱቅ ሌላ ዓይነት ጥቁር ተውሳ ሞላች። ጥቂት መስመሮች ጎደሉ። ክሊኒንግ አዘዘች። መስመሮቹ ይበልጥ ጎደሉ፤ ደግማ አዘዘች። እንዲህ እያለች ታንኩ ከምልክቱ በታች ወረደ፣ ቱቦው አየር ሳበ፣ በመጨረሻም ስፖንጁ ሞልቷል ብሎ ፕሪንተሩ አልሠራም አለ። መጀመሪያ የጎደሉት መስመሮች ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ በቀላሉ ይመለሱ ነበር። እኅቴ፣ የታዘዘው ክሊኒንግ ካልረዳ የሚቀጥለውም አይረዳም ስላት አለቀሰች። ደንበኞቿ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ሌላ ምን ታድርግ? ድንጋጤዋ ይገባኛል። ቁልፉን መጫን ግን ሥራ የተሠራ እያስመሰለ ያታልላል።

ኃይለኛው ክሊኒንግ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እንደ ኤፕሰን ኤል3250 ባሉት ፕሪንተሮች ላይ ከኮምፒውተር የሚታዘዘው ኃይለኛ ክሊኒንግ ቱቦው ውስጥ ያለውን ቀለም በሙሉ ለመተካት የተሠራ ነው። አምራቹ ሁሉም ታንኮች ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ቀለም እንዲኖራቸው፣ በሁለት ኃይለኛ ክሊኒንግ መካከልም 12 ሰዓት እንዲጠበቅ ያዛል። የተበላሸው ቀለም ከታንኩ ወጥቶ ትክክለኛው ከተሞላ በኋላ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት ካዘዙት ግን የተበላሸውን በብዛት ይስባል።

«ጥቁር ሁሉ ያው ጥቁር ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ዳይ የሚባለው ቀለም ፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ነው። ፒግመንት የሚባለው ግን በጣም የደቀቀ ብናኝ ሲሆን፣ ብናኞቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ኬሚካል ተጨምሮበት ነው ተንሳፍፎ የሚቆየው። ሌላ ዓይነት ቀለም ሲገባበት ያ ሚዛን ሊፈርስ ይችላል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ወተት እንደሚቋጥር ብናኙም ይቋጥራል። የሄዱ ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ቋጠሮው የት ያልፋል?

ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። በኤፕሰን 103 ጥቁሩም ባለ ቀለሙም ዳይ ነው። በኤፕሰን 101 ግን ጥቁሩ ፒግመንት ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ዳይ ናቸው። የካነን ጂአይ 490 እና የኤችፒ ጂቲ53 ጥቁሮችም ፒግመንት ናቸው። የ101ን ጥቁር በ103 ታንክ ላይ የጨመረ ሰው የአንድ አምራች ዕቃ ስለሆነ ይስማማል ብሎ ያምናል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሌላ ነው። «ለሁሉም ፕሪንተር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ እኔ አልገዛም።

ቢጫው ታንክ ላይ የዚያው ዓይነት ሰማያዊ ቢፈስስ ግን ሄዱ አይሞትም። የሚበላሸው ቀለሙ ብቻ ነው። ታንኩን ይምጠጡ፣ ትክክለኛውን ይሙሉ፣ ቢጫ ብቻ ያለበትን ገጽ እስኪጠራ ድረስ ያትሙ። ለዚህ ብሎ ፕሪንተር የሚጥል ሰው ሳይ አዝናለሁ።

ሰብሊሜሽን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለኩባያና ለቲሸርት የሚሆነው ይህ ቀለም ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ተጭኖ ወደ ጋዝ እየተለወጠ ፖሊስተሩ ውስጥ የሚገባ ነው። ወረቀት ላይ ሲታተም ፈዛዛ ይመስላል፤ ይህም ባሕርዩ ነው። ፎቶ ቤቶች ግን «ቀለሙ ደከመ» ብለው በላዩ ተራ የፎቶ ቀለም ይጨምሩበታል። ወረቀቱ ላይ በእርግጥ ደመቅ ይላል። ለምረቃ የታዘዘ ሙሉ ካርቶን ኩባያ በዚህ መንገድ ታትሞ፣ ተመራቂዎቹ ቤት ሲታጠብ ምስሉ እየፈዘዘ እንደሄደ አውቃለሁ። ተራው ቀለም በሙቀት ወደ ኩባያው የፖሊስተር ሽፋን ስለማይገባ በውሃ ይለቃል። አንድን ፕሪንተር ለሰብሊሜሽን ከመደቡት ለዚያው ይሁን፤ ታንኩ ላይም በትልቁ ይጻፉበት። በሙቀት በሚሠሩት የካነንና የኤችፒ ሄዶች ላይ ደግሞ አይሞክሩት።

የቧንቧ ውሃ በሄድ ላይ አያፍስሱ፤ ጨዋማ ቅሪቱ ቀዳዳው ላይ ይደርቃል። የተጣራ ውሃ ወይም ለሄድ የተሠራ ማጠቢያ ይጠቀሙ። አልኮልም አንዳንዱን ቀለም ይበልጥ ያረጋዋል። በሲሪንጅ ገፍቶ ማጠብ ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የሚወዱት ነገር ነው፤ ጉልበታቸውን እወድላቸዋለሁ፣ ግን የኤፕሰን ሄድ ውስጥ ያሉት ስስ ክፍሎች ያን ግፊት አይችሉም። ፈሳሹ በራሱ ክብደት ይንጠብጠብ። ለስላሳ ጨርቅ በማጠቢያ ነክረው ከሄዱ ሥር አስቀምጠው ማሳደርም ይረዳል። ሄዱ ላይ የሚሰካው ጠፍጣፋ ገመድ ከረጠበና ሳይደርቅ ከበራ ሄዱም ዋናው ቦርድም አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የስፖንጁን መሙላት የሚከታተለውን ቆጣሪ በሶፍትዌር ዜሮ አድርጎ ስፖንጁን አለመቀየርም ሌላ ስህተት ነው፦ ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል።

አዲስ ቀለም የግድ መቀየር ካለብዎት ከሁለቱም ጥቂት ጠብታ በብርጭቆ ቀላቅለው ያሳድሩ። በማግስቱ ብርጭቆውን ሲያዘነብሉት ጠርዙ ላይ አሸዋ መሳይ ነገር ከቀረ አይቀላቅሏቸው። ምንም ካልታየም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ታንኩን አጥቦ መሙላት ይሻላል።

የተሳሳተውን ከሞሉ ወዲያው ማተም ያቁሙ። ፕሪንተሩን በቁልፉ ያጥፉ፤ ከሶኬት መንቀል ሄዱን ከማረፊያው ውጭ ክፍቱን ሊያስቀረው ይችላል። እንደ ኤል805 ያሉት ቀለሙ ወደ ሄዱ እንዳያልፍ የሚዘጋ መቆለፊያ አላቸው፤ ይዝጉት። ከዚያ ታንኩን ይምጠጡ፣ ይጠቡ፣ ትክክለኛውን ይሙሉ፤ መቆለፊያውን ከፍተው ኖዝል ቼክ (የትኞቹ የሄድ ቀዳዳዎች እንደሚሠሩ የሚያሳየውን የሙከራ ገጽ) ያትሙ። ክፍተቱ በየወረቀቱ ቦታ እየቀየረ ከታየ አየር ነው፤ ሳያትሙ 12 ሰዓት ይተዉት። ሁልጊዜ በዚያው መስመር ላይ ከሆነ ግን ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ሄዱ ወጥቶ መታጠብ አለበት። ወደ ጥገና ሲሄዱ ሁለቱንም ጠርሙሶች ይዘው ይሂዱ። የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ያልተነገረው ባለሙያ ማጠቢያውን የሚመርጠው በግምት ነው።