በከባቢ አየር ምርምር ስትጀምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በከባቢ አየር ሳይንስ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የምትሠሩ ልጆች፣ «ፔፐር አውጡ» የሚለው ጫና ዕረፍት እንደማይሰጥ አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ ግን በጥድፊያ የተሠራ ስህተት ለዓመታት ስማችሁን ተከትሎ መዞሩ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ብዛት ማሳደድ ነው። አንዱን ውጤት ሦስት ቦታ ቆራርጦ ማሳተም ቁጥር ይጨምራል እንጂ እውቀት አይጨምርም። የብሪታንያው ጆ ፋርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ኔቸር ጆርናል ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ አንታርክቲካ ላይ በየጸደዩ ኦዞን ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አሳየ። በ1987 ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ ተፈረመ። ከዚያ ጽሑፍ ጀርባ አንታርክቲካ ባለው የሃሊ ቤይ ጣቢያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የተለካ ዳታ አለ። በእነዚያ ዓመታት የሰዎቹን ሥራ በፔፐር ቁጥር ብቻ የመዘነ ሰው ምን ያህል በተሳሳተ ነበር!

ሁለተኛው በእኛ አገር በብዛት የማየው ነው፤ የሳተላይት ወይም የሞዴል ዳታ አውርዶ፣ ከመሬት ልኬት ጋር ሳያስተያዩ መደምደም። ኢአርኤ5 (ERA5) የሚባለውን፣ የአየር ሞዴልንና ልኬትን አዋሕዶ የተሠራ ዳታ ውሰዱ። ዳታው ምድርን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍላል፤ አንዱ ሳጥን ወደ 31 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከጣርማበር ብርድ እስከ ሸዋሮቢት ቆላ ያለው ቁልቁለት በሙሉ አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ውስጥ ያልቃል። ሞዴሉ የሚያየው ተራራ የተስተካከለና የለሰለሰ ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ስለ አንድ ወረዳ ዝናብ በድፍረት መናገር አይቻልም።

እዚሁ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። ከ1981 ጀምሮ ያለው የቺርፕስ (CHIRPS) የዝናብ ዳታ የሳተላይት ብቻ አይደለም፤ የጣቢያ ልኬትም ተቀላቅሎበታል። ለማረጋገጫ የምትጠቀሙበት ጣቢያ አስቀድሞ ውስጡ ገብቶ ከሆነ፣ «በደንብ ተስማማ» የሚለው ውጤት ጥያቄውን አስቀድሞ ያየ ተማሪ እንደሚያመጣው ማርክ ነው። የትኞቹ ጣቢያዎች እንደገቡ አጣሩ። ያልገቡ ጣቢያዎችን ፈልጉ፤ ካጣችሁም ጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ጻፉት። ጠንቃቃ ገምጋሚ ይህን መጠየቁ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ የማይታወቅ ጆርናል በኢሜይል ሲያሞካሻችሁ መሸነፍ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ገምግሞ እንደሚያሳትም ቃል የሚገባ ጆርናል አይገመግምም። ገንዘብ መጠየቁ ብቻውን ግን ምልክት አይደለም። በነጻ የሚነበቡ ጥሩ ጆርናሎችም ያስከፍላሉ፤ ብዙዎቹ አነስተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። ሳታፍሩ ጠይቁ። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አማካሪያችሁ ያንን ጆርናል ያነብበው እንደሆነ እዩ።

አራተኛው ቀላል ይመስላል፤ ስምን እያለዋወጡ መጻፍ። አንድ ጽሑፍ ላይ ስማችሁንና የአባታችሁን ስም፣ ሌላው ላይ የአያታችሁን ጨምራችሁ ከጻፋችሁ፣ የውጭ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። በላቲን ፊደል «ገብረ»ን አንዴ አጣብቆ፣ አንዴ ለያይቶ መጻፍም እንዲሁ። ሥራችሁ ይበታተናል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ከዚያ አትውጡ። ተመራማሪን ከስሙ አጻጻፍ ውጭ የሚለየውን፣ 16 አሃዝ ያለውን የኦርኪድ (ORCID) መለያ ቁጥር ዛሬውኑ አውጡ፤ ነጻ ነው።

የመጨረሻው የደራሲነት ጉዳይ ነው። ማን ቀዳሚ፣ ማን ተከታይ እንደሚሆን ሥራው ሲጀመር ካልተነጋገራችሁ፣ ሲያልቅ ከባልደረባ ጋር መኳረፍ ይመጣል። በየማለዳው የዝናብ መለኪያውን አንብበው የሚመዘግቡ የጣቢያ ሠራተኞችን ግን ማንም አያነሳቸውም። ይህ ያሳዝነኛል። ቢያንስ በምስጋናው ክፍል ጣቢያውንና ዳታውን የሰጣችሁን ተቋም በስም ጥቀሱ።