የዴቢያን ፓኬጃችሁ ከኢንቴል ውጭም እንዲሠራ

የሰው የዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፓኬጅ እንድመለከት ስጠየቅ መጀመሪያ የምከፍተው የኮንትሮል ፋይሉን፣ ማለትም ስለ ፓኬጁ የሚገልጸውን ፋይል ነው። የአርኪቴክቸር (የፕሮሰሰር ዓይነት) መስመሩ ላይ «ኤኤምዲ64»፣ ማለትም የኢንቴልና የኤኤምዲ 64 ቢት ፕሮሰሰር ብቻ ካገኘሁ ለምን እላለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሌላ ማሽን የለኝም» ነው። እሱ ምክንያት አይሆንም።

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈና ኮምፓይል የሚደረግ ከሆነ መስመሩን «ኤኒ» በሉት፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ለየብቻ ይገነባል። የፓይተን ስክሪፕት፣ ምስል ወይም ዶክመንት ብቻ ከሆነ «ኦል» በሉት፤ አንዴ ተገንብቶ የትም ይጫናል። ፕሮግራሙ ከባድ ዳታ ካለው ዳታውን ነጥላችሁ የራሱ «ኦል» ፓኬጅ አድርጉት፤ አለዚያ ያው ፋይል በየአርኪቴክቸሩ እየተባዛ የሰርቨር ቦታ ይጨርሳል።

አርኪቴክቸሮችን በስም መዘርዘር አልወድም። ሪስክ-ቪ 64 የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2025 ከዴቢያን 13 ጋር በይፋ ሲገባ፣ «ኤኒ» ያለ ፓኬጅ ማንም ሳይነካው ሊገነባለት ይችላል፤ ዝርዝር የያዘው ግን አንድ ሰው እስኪያርመው ይጠብቃል። ግንባታው አንዱ ላይ ቢወድቅም ይውደቅ፣ ሎጉ የጎደለውን ይናገራል።

ከፓኬጁ ይልቅ ብዙ ጣጣ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው። የሲው «ቻር» የሚባል የዳታ ዓይነት በኢንቴልና በኤኤምዲ ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል፣ በአርም ሊኑክስ ላይ ግን አይይዝም። አሁን «ጌትቻር» (አንድ ፊደል የሚያነብ ፈንክሽን) የመለሰውን በ«ቻር» ተቀብሎ «ኢኦኤፍ» (የፋይል መጨረሻ ምልክት) እስኪመጣ የሚዞር ሉፕ አለ እንበል። «ኢኦኤፍ» በተግባር -1 ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ሉፑ በሰላም ያበቃል። አርም64 ላይ ያው -1 ወደ 255 ይለወጥና ንጽጽሩ መቼም አይገጥምም፤ ፕሮግራሙ ሲዞር ይኖራል። ተለዋዋጩን «ኢንት» አድርጉት፣ አለቀ። ቻርን በግድ ኔጌቲቭ የሚያስይዝ የኮምፓይለር ፍላግም አለ፤ እኔ ግን ችግሩን ለቀጣዩ ሰው ማቆየት ነው የምለው።

ሜክፋይሉ (የግንባታ ትእዛዞች ያሉበት ፋይል) ውስጥ «ማርች ኔቲቭ» የሚል የኮምፓይለር ፍላግ ካያችሁ ሳታመነቱ አውጡት። ግንባታው የተካሄደበትን ማሽን አይቶ ለእሱ የሚስማማ ኮድ ያወጣል፤ አሮጌ ፕሮሰሰር ያለው ተጠቃሚ ጋ ሲደርስ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይዘጋል።

ማሽኑ ከሌላችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክሮስ ግንባታ፣ ማለትም በራሳችሁ ማሽን ለሌላ ፕሮሰሰር መገንባት ነው፦ ለአርም64 የተዘጋጀውን የክሮስቢልድ ኢሴንሻል ፓኬጅ ጭናችሁ ኤስቢልድ በሚባለው የዴቢያን መገንቢያ መገንባት። ፈጣን ነው፣ ግን የወጣው ባይነሪ እናንተ ማሽን ላይ ስለማይሮጥ ቴስቱ አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል። ሁለተኛው ሌላ ፕሮሰሰርን የሚያስመስለው ኪውኢሙ ነው፦ የአርም64 ቻሩት (ከማሽናችሁ የተነጠለ የሲስተም ፎልደር) ውስጥ ገብታችሁ እዚያው መገንባት። ቀርፋፋ ነው፣ ትልቅ ፕሮጀክት ከሆነ ሌላ ሥራ ያዙ። ቴስቱን ግን ያስኬዳል፣ ስለዚህ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ባይነሪ ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ከሆነ የአይቢኤም ሜይንፍሬም አርኪቴክቸር በሆነው ኤስ390ኤክስ ላይም ሞክሩት። በዴቢያን 13 ይፋ አርኪቴክቸሮች ውስጥ የአንድን ቁጥር ባይቶች ከትልቁ ጀምሮ የሚያስቀምጠው እሱ ብቻ ነው፤ ቁጥሮችን ከፋይል በቀጥታ ወደ ሜሞሪ የሚገለብጥ ኮድ እዚያ ይጋለጣል። ቴስቱ እዚያ ብቻ ሲወድቅ ለዚያ አርኪቴክቸር አጥፍቶ ማለፍ የተለመደ ነው። አታጥፉት። ባጉን ለዋናው ፕሮጀክት ጻፉ፣ ፓኬጁም እስኪስተካከል እዚያ ሳይገነባ ይቆይ።