የተንቀሳቃሽ ውሻ ማጠቢያ ፍራንቻይዝ ከመግዛት በፊት እንዴት እንደሚመዘን

በሰሜን ቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ሰፈሮች የውሻ ሥዕል የተለጠፈበት ቫን ደጃፍ ላይ ቆሞ ጀነሬተሩ ሲያጉረመርም ያላየ ጥቂት ነው። ዓመታት ታክሲና ኡበር ነድተን፣ ፓርኪንግ ላይ ቆመን ጥቂት ጥሪት ለቋጠርን ሰዎች ሐሳቡ ይማርካል። የሱቅ ኪራይ የለበትም፣ መንዳቱን እናውቅበታለን፣ ደንበኛውም ደጁ ድረስ ለመጣለት ሰው ደህና ዋጋ ይከፍላል። አንዱ መግቢያ ፍራንቻይዝ ነው፤ የአንድን ኩባንያ ስምና አሠራር በክፍያ ይዞ መሥራት። እኔም እንዲህ ያለ ውል ለመፈረም ጫፍ ደርሼ ስለነበር ሁለት ወር ያህል ሰነድ ሳገላብጥና ሰው ስጠይቅ ከርሜአለሁ። ከሁሉ በፊት መልስ የሚፈልገው ጥያቄ ይህ ሆኖ አገኘሁት፦ ውሻውን የሚያጥበው ማን ነው?

አንድ ሙሉ ቀን ቫን ውስጥ ይዋሉ

ከሻጭ ጋር ስልክ ከመነጋገርዎ በፊት ይህን ያድርጉ። በአካባቢዎ ለብቻው የሚሠራ ባለ ቫን ይፈልጉና ቀኑን ከፍለውም ቢሆን አብረውት ይዋሉ።

እኔ በዋልኩበት ቀን ሦስተኛዋ ጎልደንዱድል ነበረች፤ የፑድልና የጎልደን ሪትሪቨር ድቅል፣ ጸጉሯ ጥቅልል። ላይ ላዩን ስትታይ ታምራለች። ባለሙያዋ ጣቷን ከጆሮዋ ኋላ ስትሰድ ግን ጸጉሩ እንደ ባና ተዳምጦ ቆዳዋ ላይ ተጣብቋል። ብብቷም ሆዷም እንደዚያው። ማበጠሪያ ሲነካት ታለቅሳለች። «ይህን ማበጠር እሷን ማሰቃየት ነው፣ በአጭሩ ልላጫት» ብሎ ባለቤቲቱን ማስረዳት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ለአንድ ሰዓት ተኩል የተያዘው ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ቀጣዩ ደንበኛ ደግሞ እየደወለ ነው። ቀጥሎ የመጣው ፐግ ነበር። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ሙቀት አይችሉም፤ ማድረቂያው ቀዝቀዝ ተደርጎ፣ አተነፋፈሱ በየደቂቃው እየታየ ነው የደረቀው። ጥፍር ሲቆረጥም ትንሽ ገባ ካለ ይደማል። በእጅዎ ያለው አፍ የሌለው ፍጡር ነውና የእርስዎ ችኮላ በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል።

አብዛኞቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ ሲጠብቅ እያየን ነው። በእምነቱ ምክንያት የውሻ ምራቅ መንካት የሚከብደውም አለ። ነውር የለውም፤ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሰው ለራሱ እውነቱን ይንገር። ቀኑን ውለው ማታ ቤትዎ ሲገቡ ነገም ልመለስ የሚል ስሜት ከሌለ እዚሁ ላይ ማቆም ይቻላል።

ሒሳቡን በወረቀት ያውጡት

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚሉት «እርስዎ ያስተዳድራሉ፣ ባለሙያ ይቀጥራሉ» ነው። እስቲ እናስላው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ሻጩ ከሚሰጥዎ ሰነድና ከሰፈርዎ ዋጋ ባገኙት ይተኳቸው።

አንድ ቫን በቀን 5 ውሻ፣ በአማካይ በ100 ዶላር፣ በወር 22 ቀን ቢሠራ 11,000 ዶላር ያስገባል። የባለሙያው ድርሻ 45 በመቶ ከሆነ 4,950 ይሄዳል። ቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 7.65 በመቶ 379 ነው። ሮያሊቲ፣ ማለትም ለፍራንቻይዝ ሻጩ በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ፣ 8 በመቶ 880፣ የማስታወቂያ ፈንድ 2 በመቶ 220። የቫኑ ብድር 1,900፣ ኢንሹራንስ 500፣ ነዳጅ 700፣ ለጥገና የሚቀመጥ 500፣ ሻምፖ፣ የመላጫ ስለትና ስልክ 400፣ የካርድ ክፍያ 3 በመቶ 330። ድምሩ 10,759 ነው። ለእርስዎ የቀረው 241 ዶላር። ሮያሊቲው ደግሞ በብዙ ውሎች የሚሰላው ከጠቅላላ ገቢ ስለሆነ የከሰሩበትም ወር ይከፈላል።

መቀሱን የያዙት እርስዎ ቢሆኑ 5,570 ይቀር ነበር። ያ ግን የጉልበትዎ ደመወዝ ነው፤ ከላዩም 15.3 በመቶ ገደማ የራስ ሥራ ግብር፣ ሌላውም የገቢ ግብር ይጠብቀዋል። እኔ ከዚህ የደረስኩበት፣ አንድ ቫን የሚያኖረው በአብዛኛው አጣቢውን ነው። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያገኘው ቫኖቹ ሦስትና አራት ሲሆኑ፣ የሚቆዩ ባለሙያዎችም ሲገኙ ነው፤ ባለሙያ ሲለቅ ደግሞ ደንበኛ ይከተለዋል። ወጪ ለመቀነስ ብለው ሠራተኛውን በ1099፣ ማለትም እንደ ቅጥር ሳይሆን እንደ ራሱን ቻይ ተቋራጭ፣ ለመክፈል አይሞክሩ። ቫኑ የእርስዎ፣ ሰዓቱንም የሚወስኑት እርስዎ ከሆኑ ሠራተኛዎ ነው ተብሎ ኋላ ግብሩ ከነቅጣቱ ሊመጣብዎ ይችላል።

ሰነዱን ከመሐል ጀምረው ያንብቡ

ኤፍ ቲ ሲ የሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት ማንኛውም ፍራንቻይዝ ሻጭ ከመፈረምዎም ሆነ ከመክፈልዎ ቢያንስ 14 ቀን በፊት 23 ክፍሎች ያሉት መግለጫ ሊሰጥዎ ይገባል። ስሙ ባጭሩ ኤፍ ዲ ዲ ነው። መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው እንዳይመስልዎ፤ ኮሚሽኑ አያጣራውም። እንደ አውሲ ፔት ሞባይልና ዙሚን ግሩሚን ያሉ የዘርፉን ስሞች ሰነድ ጎን ለጎን ማየት ከፈለጉ የካሊፎርኒያ፣ የሚኒሶታና የዊስኮንሲን ግዛቶች የተመዘገበላቸውን በነጻ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋሉ።

እኔ መጀመሪያ የምገልጠው ክፍል 20ን ነው። ባለፉት 3 ዓመታት ስንት ተከፈተ፣ ስንት ተዘጋ፣ ስንቱ ለሌላ ተላለፈ የሚለው ሰንጠረዥ እዚያ አለ፤ ባለፈው ዓመት የለቀቁትም ሰዎች ስም፣ ከተማና ስልክ ጭምር። ቀጥሎ ክፍል 19፣ ስለ ገቢ የሚናገረው። መሙላቱ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ያልተጻፈ ገቢ ሻጩ በአፉ «በዓመት ይህን ያህል ያገኛሉ» ካለዎት ደንቡን ጥሷል፤ ስልኩን ቢዘጉ አይቆጭም። ክፍል 12 ላይ የተሰጥዎት ክልል በእርግጥ የእርስዎ ብቻ መሆኑን፣ ክፍል 7 ላይ የመነሻ ወጪውን፣ ክፍል 3 ላይ የተካሰሱትን ይመልከቱ።

ከዚያ ስልክ ነው። ያሉትንም የለቀቁትንም፣ ቢያንስ አሥር ሰው። ሻጩ የመረጠልዎትን ሳይሆን ከዝርዝሩ በራስዎ የመረጡትን ይደውሉ። ባለሙያ ለማግኘት ስንት ወር ፈጀብዎ? ቫኑ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ጋራዥ ቆመ? ለራስዎ መጀመሪያ ደመወዝ የከፈሉት በስንተኛው ወር ነው? የለቀቀ ሰው «መናገር አልችልም፣ ፈርሜያለሁ» ካለዎትም አንድ ነገር ነግሮዎታል።

ስለ ቫኑ ጥቂት

ታንከሩ 50 ጋሎን የሚይዝ ከሆነ ውሃው ብቻ 189 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፍሬንና ጎማ ቶሎ የሚያልቀው በከንቱ አይደለም። የታጠቡበትን ውሃ በመንገድ ዳር የዝናብ ማፋሰሻ ውስጥ መድፋት ስለማይቻል የት እንደሚያወርዱት አስቀድመው ያጣሩ። ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ለሚኖር ደግሞ ቧንቧው ክረምት ላይ በረዶ እንዳይሆን ሌሊት የሚያድርበት ሞቃት ቦታ ያስፈልጋል። ብዙ የኮንዶና የኤች ኦ ኤ (የሰፈር ቤት ባለቤቶች ማኅበር) ደንብ የንግድ መኪና ማሳደር ይከለክላል። ኢንሹራንስ ሲገዙ ተራው የንግድ ኢንሹራንስ በእጅዎ ያለን የሰው እንስሳ ጉዳት ብዙ ጊዜ እንደማይሸፍን ይወቁ፤ ለእሱ የተለየ ሽፋን ይጠይቁ።

ብድሩና ፊርማው

በኤስ ቢ ኤ፣ ማለትም በፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ ዋስትና ከተበደሩ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ዋስ ይሆናል፤ ኩባንያው ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ) መሆኑ ከዚህ አያድንም። ቤትን አስይዞ ለመነሻ መበደር ለእኔ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። የዕቁብ ብር ቢሆን ወለዱ የለም፣ ቢከስሩም ቤት አይወስድም።

በመጨረሻ ሰነዱን ለፍራንቻይዝ ጠበቃ ይስጡ፤ የዘመድ ልጅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይበቃም። ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ባለቤትዎም መፈረም አለባት ወይ፣ ከመካከል ቢወጡ ምን ያህል ይከፍላሉ፣ ውሉ ካበቃ በኋላስ ለስንት ዓመት በስንት ማይል ክልል ውሻ ማጠብ ይከለከላሉ። እኔን ያስቆመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የምማረው ሙያ በሌላ ሰው ውል እንዲታሰር አልፈለግሁም።

ስለዚህ አልፈረምኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያች ባለሙያ ዘንድ እየሄድኩ እማራለሁ። እስካሁን ማጠብና ማበጠር ነው፤ መቀሱን ገና አልሰጠችኝም።