ወደ ቻንጉ ደሴት የሚሄድ የጅማ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በታንዛንያ፣ ከዛንዚባር ደሴት አሮጌ ከተማ ከስቶን ታውን ፊት ለፊት፣ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ የምታስኬድ ቻንጉ የተባለች ትንሽ ደሴት አለች። አብዛኛው ጎብኚ የሚያውቃት «የእስር ቤት ደሴት» በሚለው ስሟ ነው። ጉብኝቱ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሲሆን አጭር የጀልባ ጉዞን፣ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎችን ማየትንና ስኖርክሊንግን፣ ማለትም የውኃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ በባሕሩ ላይ እየተንሳፈፉ ታችኛውን ዓለም መመልከትን ያካትታል። እኛ ከጅማ የሄድነው አምስት ሰዎች ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደግን ስለሆንን ስለ ውኃ የምናውቀው ሁሉ ከጊቤ ወንዝና ከቦዬ ረግረግ የተቀዳ ነበር። ስህተቶቻችንን ቆይቼ ስቆጥራቸው ከግማሽ የሚበልጡት ጀልባው ገና ገመዱን ሳይፈታ የተሠሩ ሆነው አገኘኋቸው።

የቢጫ ወባ ክትባትን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

ታንዛንያ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች ከሚመጣ መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ብዙዎች የሚስቱት ካርዱ በእጅ መግባቱ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ማስረጃው የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ሰኞ ተከትቦ ዓርብ ለመብረር ያሰበ ሰው ካርድ ይዞም ቢሆን ሊመለስ ይችላል። በሌላ በኩል ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተከተበ ሰው አሮጌውን ካርድ ከሣጥን ፈልጎ ማውጣት እንጂ እንደገና መወጋት አያስፈልገውም። የደሴቲቱ ታሪክ ራሱ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ መሆኑ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተሠራው እስር ቤት እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ፣ ደሴቲቱ ያገለገለችው እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ተላላፊ በሽታዎች የተጠረጠሩባቸውን መንገደኞች ለይቶ ማቆያ ሆና ነው።

ጉዞውን ለፋሲካ ማድረግ

በእኛ አገር ለዕረፍት የሚመች መስሎ የሚታየው የፋሲካ ሰሞን በዛንዚባር ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ከባድ ዝናብ የሚወርድበት ወቅት ነው። እነርሱ ይህን ዝናብ «ማሲካ» ይሉታል። ፋሲካን በማሲካ ማሳለፍ ለጆሮ ቢያምርም ባሕሩ ይደፈርሳል፣ በመነጽር ለማየት የሄዱለት ነገርም በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። በተቃራኒው ጅማ በዝናብ የምትታጠብባቸው ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ናቸው። በዚህ ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ምሥራቃዊውን የባሕር ዳርቻ ቢያናውጠውም ቻንጉ ያለችው በምዕራብ በኩል፣ በዋናው ደሴት ከለላ ስለሆነ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ከፋሲካ ይልቅ ክረምቱ ይሻለዋል።

ሰዓቱን አዋቂ ሆኖ መተርጎም፣ ባሕሩንም አለመጠየቅ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ዋጋ የከፈልንበት ስለሆነ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልክ እንደ እኛ ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ «ሳአ ምቢሊ» ሲሉ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ «ሳአ» የሚለው ቃልም የእኛው «ሰዓት» ዘመድ ነው። የሰዓት ቀጠናችንም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም። ከመላው ዓለም ጎብኚ መካከል ይህን ያለ አስተርጓሚ የሚረዳ ሰው ቢኖር ኢትዮጵያዊ ነበር። ሆኖም ጉብኝቱን ያዘጋጀልን ሰው በቁራጭ ወረቀት ላይ «2» ብሎ ጽፎ ሲሰጠን፣ ታናሽ ወንድሜ «ይህ የፈረንጅ ሁለት ነው፣ በእኛ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ማለት ነው» ብሎ አሳመነን፤ እኛም ተረጋግተን ቁርስ ላይ ተቀመጥን። 3 ሰዓት ሲሆን ስልክ ተደወለ፤ ጀልባችን ሄዷል። ለቱሪስት የሚጽፍ ሌላ ሰው ያንኑ «2» በእርግጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊጽፈው ስለሚችል መፍትሔው መገመት ሳይሆን «ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ? ፀሐይ የት ትሆናለች?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

በ4 ሰዓት ተኩል በሌላ ጀልባ ስንነሳ ሁለተኛው ስህተት ተገለጠልን። ሐይቅ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ ባሕር ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ያህልም ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። በዛንዚባር ዙሪያ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ መኖሪያ ቤት ወለል እስከ ጣሪያው ካለው ከፍታ ይበልጣል። በእነዚህ ቀኖች ውኃው እጅግ የሚሸሸው ረፋዱ ላይ ነው፤ የእኛም ቀን ሙሉ ጨረቃ ነበረች። ጀልባው ወደ ደሴቲቱ ዳርቻ መቅረብ ስላልቻለ ሱሪያችንን ሰብስበን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ በጉልበት ልክ ውኃ ውስጥ በድንጋይና በአሸዋ ላይ እየተንገዳገድን ወረድን፤ ኮራሉም፣ ማለትም ከባሕሩ ሥር የሚያድገው ድንጋይ መሳይ ሕያው ነገር፣ ከውኃው ወለል በጣም ቀርቦ ስለነበር በላዩ መንሳፈፍ አስቸጋሪ ሆነብን። ከጅማ ለዒድ አልፈጥር ዕረፍት የሚሄድ ሰው፣ በዓሉ ሁልጊዜ በአዲስ ጨረቃ ስለሚውል፣ ከዚህ ትልቅ ልዩነት ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ስለዚህ ጀልባ ከመያዙ በፊት «ነገ ውኃው የሚሞላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ማንኛውም ዓሣ አጥማጅ መልሱን ሳያስብ ይነግርዎታል።

በባዶ ሆድ ወይም በሙሉ ሆድ መሳፈር

ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው የጊቤን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድና በየወንበሩ የሚሸተተውን ሎሚ ያስታውሳል። ትንሽ ጀልባም ከዚያ መንገድ ጋር ይመሳሰላል። ሎሚው አይከፋም፣ ነገር ግን የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ አለበት፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ብዙም አይረዳም። ቀለል ያለ ቁርስ መብላት፣ ከጀልባው ፊት ይልቅ መሐሉ ላይ መቀመጥ፣ ስልክ ላይ አለማቀርቀርና ዓይንን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ ማሳረፍ ይጠቅማል።

ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር ሳያረጋግጡ መሳፈር

በባሕሩ ዳርቻ ጎብኚ የሚያግባቡ ወጣቶች የሚጠሩት ዋጋ አንዳንዴ የጀልባው ብቻ ነው። የደሴቲቱ መግቢያ፣ መነጽሩ፣ የእግር መቅዘፊያውና ላይፍ ጃኬቱ ተጨምረው እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ላይፍ ጃኬቱ በቃል «አለ» መባሉ አይበቃም፤ ታይቶና ተለክቶ፣ ማሰሪያው እንደሚሠራ ተረጋግጦ ነው የሚሳፈሩት።

መነጽሩን ውኃ ውስጥ መሞከር

መነጽር የሚመረጠው በየብስ ላይ ነው። የራሱን ማሰሪያ ሳያጠልቁ ፊት ላይ ገጥሞ በአፍንጫ አየር ትንሽ ወደ ውስጥ ሲስቡ፣ እጅ ቢለቁትም ተጣብቆ ከቀረ ልኩ ነው፤ ከወደቀ ሌላ መጠየቅ ይሻላል። በጎማው ጠርዝ ሥር የገባ አንድ ዘለላ ጸጉር ወይም የሻሽና የሒጃብ ጫፍ ውኃ ያስገባል። የወንድሜን መነጽር ያስቸገረው ጺሙ ነበር፤ በየደቂቃው እየሞላበት ሦስት ጊዜ ወደ ጀልባው ተመለሰ፣ በመጨረሻም የጀልባው ረዳት ጥቂት ቫዝሊን በላይኛው ከንፈሩ ላይ ቀብቶለት ተገላገለ። መስታወቱ በትንፋሽ እንዳይጋረድ ከውስጥ ምራቅ ቀብቶ በባሕር ውኃ ማለቅለቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ የሚያስጠላው ሰው ጥቂት የሕፃን ሻምፑ ቢጠቀም ያው ሥራ ይሠራለታል።

ከመነጽሩ የሚከብደው አተነፋፈሱ ነው። መነጽሩ አፍንጫን ስለሚሸፍን መተንፈስ የሚቻለው በአፍ ብቻ ነው፤ ይህን ያልለመደ ሰው ፊቱን ውኃ ውስጥ እንደከተተ ደረቱ ይጨነቃል፣ ትንፋሹም ይፈጥናል። አብረውን የነበሩት ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ «ስልሳ አምስት ዓመት በአፍንጫዬ የተነፈስኩ ሰው ዛሬ በአፌ ልተንፍስ?» ብለው ቱቦውን ሁለት ጊዜ መለሱት። ነገር ግን ከሁላችን የተሳካላቸው እርሳቸው ሆኑ፤ ምክንያቱም እኛ ከጀልባ ስንዘል እርሳቸው ወገብ ልክ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ፊታቸውን ብቻ ነክረው፣ እስኪለምዱት ድረስ ቀስ ብለው ተነፈሱ። ቱቦው ውኃ ሲገባበት ደንግጦ ራስን ቀና ማድረግ ሳይሆን «ቱ!» ብሎ በኃይል መትፋት ውኃውን ያወጣዋል። ዋና በሚገባ የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬቱን ለፎቶ ሲል ማውለቅ የለበትም፤ ዋና የሚችልም ቢሆን የለመደው የሆቴል ገንዳ ከሆነ፣ የባሕር ውኃ ወደ ጎን እየጎተተ እንደሚወስድ ማስታወስ አለበት። በየጥቂት ደቂቃው ቀና ብሎ ጀልባው የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ ዓሣ እየተከተለ የሄደ ሰው ምን ያህል እንደራቀ የሚያውቀው ሲመለስ ነው።

ኮራልን እንደ ድንጋይ መቁጠር

ሲደክም እግርን የማሳረፍ ፍላጎት የማይቀር ነው፤ ከሥር ያለውም ድንጋይ ይመስላል። ኮራል ግን ጥቃቅን እንስሳት ተሰብስበው የሚሠሩት ሕያው ነገር ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ስለሚችል፣ አንድ ተረከዝ የሰበረውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ለራስ ሲባልም ቢሆን መርገጥ አይገባም፤ በኮራሉ መካከል ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት ይቀመጣል፣ እሾሁም በእግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ጠንካራ ሶል ያለው የውኃ ጫማ ከዳርቻው ሲወርዱም ሲወጡም ይጠቅማል።

እዚህ ላይ የፀሐይ ክሬምን ማንሳት ይገባል። ኦክሲቤንዞን እና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ንጥረ ነገሮች ለኮራል ጎጂ ናቸው በሚል የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሐዋይ እነዚህን የያዙ ክሬሞች መሸጥን ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ከልክላለች። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚለው አባባል ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ለተንሳፈፈ ሰው አይሠራም። ረጅም እጅጌ ያለው ጠባብ ልብስ ለብሶ መግባት ከማንኛውም ክሬም ይበልጣል፤ ወደ ስቶን ታውን ሲመለሱም ትከሻን ሸፍኖ መሄድ በሚጠበቅባት በዚያች የሙስሊም ከተማ ያስከብራል።

ኤሊዎቹን እንደ መጫወቻ ማየት

አማርኛ ለየብሱም ለባሕሩም «ኤሊ» ስለሚል፣ ከእኛ መካከል ሁለቱ ከኤሊዎቹ ጋር ይዋኛል ብለው መጥተው ነበር። የቻንጉ ኤሊዎች ግን ሣርና ቅጠል የሚበሉ የየብስ እንስሳት ናቸው፤ ወንዱ እስከ 250 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ዘራቸው የሲሸልስ ከሆነችው ከአልዳብራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የሲሸልስ ገዥ አራት ኤሊዎችን ለዛንዚባር በስጦታ ላከ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቁጥራቸው 200 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እየተሰረቁ ለሽያጭ በመወሰዳቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ሰባት ብቻ ቀሩ። ዛሬ በአጥር ተከልለው የሚጠበቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አጥሩን የንግድ ዘዴ አድርጎ የሚያጉረመርም ጎብኚ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

በቦዬ ጉማሬ ለማየት የሚወጣ የጅማ ሰው ርቀቱን መጠበቅ የተማረው ከፍርሃት ነው። ኤሊው ግን ስለማያስፈራ ርቀቱም አብሮ ይረሳል፤ ልጆችን ቅርፊቱ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳ አባት አይተናል። ቅርፊቱ ከጀርባ አጥንቱና ከጎድኑ ጋር የተያያዘ የአካሉ ክፍል ነው፤ ስሜትም አለው። እትዬ ጠባቂው የሰጣቸውን ቅጠል ይዘው በጎኑ ጎንበስ አሉና አንገቱን በሁለት ጣት በቀስታ ሲያሹለት፣ ኤሊው አራት እግሩን ዘርግቶ ሰውነቱን ከመሬት አነሳ፣ አንገቱንም እንደ ክንድ አስረዝሞ ዓይኑን ጨፈነ። «እዩት፣ እንደ ሽማግሌ ሲመርቅ» አሉ። ከጠባቂው ከሚሰጠው ቅጠል በስተቀር ዳቦም ሆነ ብስኩት መስጠት አይገባም፤ እጅንም ከአፉ ፊት ማራቅ ያስፈልጋል፣ ጣትን ከቅጠል ለይቶ አያይምና። ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ ተውሳክ ሊሸከሙ ስለሚችሉ ምሳ ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ጀልባ ላይ ሳሙና ስለማይኖር ከቤት ይያዝ።

ዛጎል ለቅሞ ወደ ቤት መያዝ

ዛጎል በእኛ ዘንድ በአገልግልና በቆዳ ሥራ ላይ የተሰፋ ጌጥ ስለሆነ ዳርቻው ላይ ሲታይ እጅ ወደ እርሱ ይሄዳል። ባዶ የመሰለው ዛጎል ብዙ ጊዜ ለትንሽ ሸርጣን ቤት ሆኖ ይገኛል። በሕንድ ውቅያኖስ የሚኖሩት ኮን የተባሉት፣ እንደ ሾጣጣ ቆብ ቅርጽ ያላቸውና ያማሩ መስመሮች ያሏቸው ቀንድ አውጣዎች ደግሞ በመርዛማ ጥርስ ይወጋሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዱ ሰው ይገድላል። ወንድሜ ኪሱ ውስጥ ያስገባውን አንዱን የጀልባው ረዳት ሱሪውን ይዞ አስወጣው፤ በእንጨት ገልብጦ አሳየንና፣ ሥጋው ገና ውስጡ እየተንቀሳቀሰ፣ ወደ ውኃው መልሶ ጣለው።