ልጆችን ይዞ ከደብረ ብርሃን እንጦጦ ፓርክ ደርሶ መመለስ

በጠዋት ተነሱ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አርፍዳችሁ ከወጣችሁ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። በሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ ላምበረት መናኸሪያ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ላይ ነው።

እኛ ብርድ ለምደናል ብላችሁ ሹራብ ትታችሁ እንዳትሄዱ! የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ከኛ ከተማ ይበልጣል፤ ደመና ሲጥል ልጅ ይንቀጠቀጣል። ጋቢም፣ ሳር ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ብርድ ልብስም ያዙ።

ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ዚፕላይንም (በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት) አለ። ልጆች ሁሉንም ካልሞከርን ስለሚሉ ገና ቤት እያላችሁ «አንድ አንድ ምረጡ» ብላችሁ ተስማሙ፣ አለበለዚያ ኪሳችሁ አይችለውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በባሕር ዛፉ መሃል በእግር መሄዱን የሚያህል የለም። ሽታው ብቻውን ድካም ያወጣል፤ እናቴ ጉልበቷን እያመማትም ቀስ እያለች፣ እያረፈች፣ ደስ ብሏት ሄዳለች። አዛውንት ካሉ አታስቀሩአቸው።

ካፌ አለ፤ የገብስ ቆሎና ዳቦ ግን ከቤት ይያዝ። ቆሻሻችሁን ሰብስቡና ከ9 ሰዓት በፊት ለመንገድ ተነሱ።