ከእስረኛ መዝገብ እስከ እርሻ ካርታ፦ የአይሪሽ ግዞተኛ ገበሬን ታሪክ እንዴት እንፈልግ?

ከሞቱ ጀምሩ። እንግሊዝ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ስላጋዘችው አይሪሽ ቅድመ አያቱ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው። ሰው መርከቡንና እግር ብረቱን ለማየት ስለሚቸኩል በቀጥታ ወደ እስረኞች ዝርዝር ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ከአየርላንድ በተነሣው መርከብ ሁሉ አንድ ጆን ኬሊ አይጠፋም። የትኛው የእናንተ እንደሆነ ሳታውቁ ምሽቱ ይነጋል።

እኔ አገር ቤት በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ፀጉሬ እስኪሸብት የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን የምኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው። ሴት ልጄን ያገባት ዘሩ ከአየርላንድ የሆነ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ሲላክ የእኛ ሰዎች እንደ ደንባቸው «ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። አማቼ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የእሱንም የሌላውንም አያት ስቆጥር እውላለሁ። ልጆቻቸው በአንድ ወገን ሐበሻ፣ በአንድ ወገን አይሪሽ የሆኑ ወዳጆቼ «እስቲ አሠራሩን አሳየን» ስላሉኝ ነው ይህን መጻፌ። የአማቼን ቤት ጉዳይ አደባባይ አላወጣም። በምሳሌነት የምይዘው ጆን ኬሊን ነው፤ በቅጽል ስሙ «ሬድ» የሚባለው፣ በ1880 ሜልቦርን ወህኒ ቤት የተሰቀለው የሽፍታው የኔድ ኬሊ አባት። የልጁን ስም እዚህ የማያውቅ የለም፤ አባትየው ግን ሁለት አሳማ ሰርቆ የተጋዘ ገበሬ ነበር፣ ለትምህርት የሚመቸውም እሱ ነው። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ከጁላይ 1853 ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ብዙ ይጠይቃል፦ የሟቹ ወላጆች እነማን ናቸው፣ የት ተወለደ፣ በቅኝ ግዛቱ ስንት ዓመት ኖረ፣ ማንን የት አገባ፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜስ? አንዷን ወረቀት ገዝታችሁ ስታነቡ የፍለጋው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ ከማመናችሁ በፊት ቃል ሰጪው ማን እንደሆነ እዩ። ጆን ኬሊ ዲሴምበር 27 ቀን 1866 አቨኔል በምትባል መንደር ሰውነቱ አብጦ ሞተ፤ ሞቱን ያስመዘገበው ልጁ ኔድ ነው፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የእናቱን ስምና የታናናሾቹን ዕድሜ አይስትም። አባቱ በየት መርከብ፣ በምን ምክንያት እንደመጣ ግን ቤት ውስጥ የተነገረውን ያህል ነው የሚያውቀው፤ ግዞትን ደግሞ ማን ለልጁ ያወራል? ስለዚህ «በቅኝ ግዛቱ የኖረበት ዘመን» የሚለውን ከሞቱ ዓመት ቀንሱና መነሻ አድርጉት እንጂ አትማሉበት።

ቀጥሎ መርከቡ። ያኔ መንግሥት ራሱ በስም ብቻ አይተማመንም ነበር፤ እስረኛው በየወረቀቱ ስሙና የመጣበት መርከብ ተጣምረው ይጻፋሉ። መርከቡን ካገኛችሁ ሰውየው ከስም ሞክሼዎቹ ይለያል። የእኛው ጆን ኬሊ በጃንዋሪ 1841 ቲፐሬሪ ውስጥ ካሼል ላይ ሰባት ዓመት ተፈረደበት፤ ፕሪንስ ሪጀንት በምትባል መርከብ በኦገስት ከደብሊን ተነሥቶ ጃንዋሪ 2 ቀን 1842 ሆባርት ገባ። ሆባርት ያለችበት ደሴት ስም በዚያን ጊዜ ቫን ዲመንስ ላንድ ነው፤ ታዝማኒያ የተባለችው በ1856 ነውና በድሮው ስምም ፈልጉ። የአያት ስም አጻጻፍ ላይም ልባችሁ ሰፊ ይሁን፤ ጸሐፊው የጻፈው በጆሮው የሰማውን ነው፣ ከስሙ ፊት የሚገባው «ኦ» (ኦኬሊ፣ ኬሊ እንደማለት) አንዴ አለ፣ አንዴ የለም።

የታዝማኒያ ቤተ መዛግብት የእስረኞቹን መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል። ለ1840ዎቹ ወንድ እስረኞች ሦስቱን ተከታታይ መዛግብት ያዙ («ኮን»፣ በእንግሊዝኛ CON፣ የመዝገቡ መለያ ነው)፦ ኮን 33 የጠባይ መዝገብ፣ ኮን 14 የመርከቡ ዝርዝር፣ ኮን 18 የመልክ መግለጫ። እኔ የምወደው ኮን 33ን ነው። ከላይ ስሙ፣ ሙያው፣ ቁመቱ፣ ዕድሜው፣ ሃይማኖቱ፣ ማንበብ መጻፍ ይችል እንደሆነ ይሰፍራል፤ ጥፋቱም ይነገራል። ከሥሩ ወደ ታች ቀንና ጥፋት፣ ቀንና ቅጣት እየተባለ በየዓመቱ ተጨምሮበታል። ቀለሙ እዚህ ደመቅ፣ እዚያ ፈዘዝ ይላል፤ ብዕሩን የያዘው ሰው ስለሚቀያየር የእጅ ጽሕፈቱም አንድ አይደለም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲያይ ቤቱ የገባ ያህል ነው። ያልተሞላ ቦታ ስታዩ አትዘኑ፤ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሠርቷል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ቲ እና ኤል የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካገኛችሁ ቲኬት ኦፍ ሊቭ ነው፤ ፍርዱን ሳይጨርስ፣ ከተመደበለት ወረዳ ሳይወጣና ለፖሊስ ሪፖርት እያደረገ፣ ለራሱ በደመወዝ እንዲሠራ የሚሰጥ ፈቃድ። ኬሊ ይህን በ1845 አገኘ፣ የነጻነት ማረጋገጫውን ደግሞ በጃንዋሪ 1848።

ስለ ጥፋቱ አንድ ነገር ልበል። የአማቼ እናት «የእኛ አያት እንኳ እንግሊዝን ሲዋጋ ነው የተያዘው» ይሉኝ ነበር። ወረቀቱ የሚለው የበግ ስርቆት ነው። አመፀኞች አልነበሩም ለማለት አይደለም፤ ከ1798ቱ አመፅ በኋላ ብዙ ሰው ተግዟል። ነገር ግን ከ1788 እስከ 1868 ወደ አውስትራሊያ ከተጋዙት 162 ሺህ ገደማ እስረኞች ሩብ ያህሉ አይሪሽ ናቸው፣ አብዛኛውም በስርቆት የመጣ ነው። ስርቆቱን ግን በአገሩ ልክ መዝኑት። የአየርላንድ ጢሰኛ ድንች እየበላ አሳማ ያደልባል፤ አሳማዋ ተሽጣ የመሬቱ ኪራይ ይከፈላል። ሁለት አሳማ የተሰረቀበት ሰው ከመሬቱ ሊነቀል ይችላል፣ የሰረቀውም ምናልባት ያው ፍርሃት ይዞት ነው። ይህን ሳያውቁ «በሁለት አሳማ ሰባት ዓመት!» ብሎ መገረም ብቻውን ታሪክ አይሆንም።

የአየርላንዱን ወገን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በ1922 ደብሊን ውስጥ መዝገብ ቤቱ የነበረበት ፎር ኮርትስ የተባለው የፍርድ ቤት ሕንፃ ሲቃጠል እጅግ ብዙ መዝገብ ወድሟል፤ የግዞት መዝገቦች ያሉት ከ1836 ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት ለተጋዘ ሰው የምሕረት ማመልከቻዎችን ፈልጉ። የካቶሊክ ደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል። ለመሬቱ ሁለት መዝገብ አለ፦ ከ1823 እስከ 1837 የተሠራው የአሥራት መዝገብና ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው፣ የግሪፊዝ ግምት የሚባለው የመሬትና የቤት ግምት። በ1841 የሄደ ሰው በሁለተኛው ላይ አይኖርም፤ አባቱ ወይም ወንድሙ ግን ሊኖሩ ይችላሉ። በአውራጃ ስም ብቻ አትፈልጉ፤ ታውንላንድ የሚሉትን ትንሹን የመሬት ክፍል ካላወቃችሁ አትዘልቁትም።

አሁን ዋናው ነገር። ሰውየው እስረኛ ሳለ ቁመቱ ሳይቀር ተጽፏል፤ ነጻ የወጣ ዕለት ግን የሚጽፍበት ሰው የለም። ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ መሬቱን ተከተሉ።

መጀመሪያ መሬቱ በምን መንገድ እንደተገኘ ለዩ፤ ዓመቱ ይነግራችኋል። በቀደመው ዘመን ኒው ሳውዝ ዌልስ በተባለው ቅኝ ግዛት ውስጥ ፍርዱን ለጨረሰ እስረኛ መሬት በነጻ ይሰጥ ነበር፦ ለብቸኛ ወንድ 30 ኤከር፣ ላገባ 20 ተጨማሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 10። የእናንተ ሰው ከዚያ ዘመን ከሆነ የ1828ቱን የሕዝብ ቆጠራ ሳታዩ እንዳትቀሩ፤ ስንት ኤከር እንደያዘ፣ ስንቱን እንደመነጠረ፣ ስንቱን እንዳረሰ፣ ፈረሱንና ከብቱን ሳይቀር ከመርከቡ ስም ጋር ይዘረዝራል። ከ1831 ወዲህ ግን ነጻ ስጦታ ቀርቶ መሬት በጨረታ ሆነ። ኬሊ ነጻ ሲወጣ የሚጠብቀው መሬት ያልነበረው ለዚህ ነው። በ1848 ባሕሩን ተሻግሮ ፖርት ፊሊፕ ወደሚባለው፣ በኋላ ቪክቶሪያ ወደሆነው አገር መጣ፤ በኖቬምበር 1850 ሜልቦርን ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ኤለን ክዊንን አገባ። የመንግሥት ምዝገባ ገና ስላልተጀመረ ይህን የምታገኙት ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ቀጥሎ ወርቅ ቆፈረ፤ ቀናውና ቢቨሪጅ ላይ መሬት ገዛ። በ1859 በራሱ እጅ የሠራው ቤት፣ የድንጋይ ጭስ ማውጫው ያለበት፣ ዛሬም እዚያው በቅርስነት ተመዝግቦ አለ።

እንዲህ ያለውን ግዢ ለማግኘት የፓሪሽ ካርታ የሚባለውን አውጡ፤ በየቁራሹ መሬት ላይ ከመንግሥት በመጀመሪያ የገዛው ሰው ስም ተጽፎበታል። የእናንተ ሰው የገዛው ከሌላ ሰው ከሆነ ካርታው ላይ አይኖርም፤ ወደ ሽያጭ ውሎቹ ሂዱ። ከ1862 በፊት የተሸጠና ከዚያ በኋላ የተሸጠ መሬት በተለያየ ሕግ ስለተመዘገበ የመሬት መዝገብ ቤቱን ስትጠይቁ ዓመቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንድ ነገር ደግሞ፦ በካርታው ላይ «የመጀመሪያው» የተባለው ሰው የመጀመሪያው አይደለም። ቢቨሪጅ የዉሩንጄሪ፣ አቨኔል የታውንጉሩንግ ሕዝብ አገር ነበር። ባለመሬቱ ሳይጠየቅ የተጻፈ ካርታ እንደሆነ እያወቃችሁ አንብቡት።

ኬሊ መሬቱን ይዞ አልዘለቀም። በ1864 አቨኔል ወርዶ 40 ኤከር ተከራየ፤ ከአየርላንድ ጢሰኝነት አምልጦ እዚህ ጢሰኛ ሆነ። ለተከራይ የሚጠቅመው የማዘጋጃ ቤት የግብር መዝገብ ነው፤ ባለቤቱንና ነዋሪውን ለይቶ፣ የቤቱን ዓይነትና ግምት ያሰፍራል። ሦስት አራት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ግምቱ ከወረደ ወይም ስሙ ከጠፋ ችግር ነበር። ከዚያ ትሮቭ በሚባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ጋዜጦችን በአያት ስምና በመንደር ስም ፈልጉ። ድሃ ገበሬ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ከብቱ ሲጠፋ፣ ሲታገትበት ወይም ሲከሰስ ነው። ኬሊ በሜይ 1865 ምልክቱ ተቆርጦ የወጣ የጥጃ ቆዳ ቤቱ ተገኘ ተብሎ 25 ፓውንድ ወይም ስድስት ወር ተፈረደበት፤ መክፈል አልቻለምና ታሰረ። ገንዘቡን ስታነቡ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ መሆኑን አትርሱ፤ መሬቱን ስትለኩ ደግሞ አንድ ኤከር ከ0.4 ሄክታር እምብዛም አይበልጥም። 40 ኤከር ማለት 16 ሄክታር ነው፤ ለእኛ ሰው ሰፊ መስሎ ይታያል፣ በዚያ አፈር ግን ብዙ ልጅ አያሳድግም።

ሰውየው ሲሞት ፍለጋውን አትዝጉ፤ በሚስቱ ስም ሌላ ፋይል ክፈቱ። ኤለን ኬሊ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄደች፣ ግሬታ አጠገብ 88 ኤከር በሰሌክሽን ወሰደች። ሰሌክሽን ማለት በ1869ኙ አዋጅ ኤከሩን በዓመት ሁለት ሺሊንግ እየከፈሉ፣ እዚያው እየኖሩ፣ አጥር አጥረው፣ ከአሥር አንዱን አርሰው የራስ ማድረግ ነው። መንግሥት ይህን ሁሉ መፈጸሙን ስለሚያጣራ ፋይሉ ስለ አጥሩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ተዘራው እህልና ስላልተከፈለው ዕዳ ጥያቄና መልስ የሞላበት ነው። ፋይሎቹ ሰሜን ሜልቦርን በሚገኘው የቪክቶሪያ መንግሥት ቤተ መዛግብት ናቸው፤ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት አዝዙ፣ ወደ ንባብ ክፍሉ ስትገቡ ብዕራችሁን ትታችሁ እርሳስ ያዙ።