የሚፈልጉት የዶሜይን ስም በሌላ ሰው ተይዞ ሲያገኙት

የሚፈልጉት የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ተይዞ ሲያገኙ ከአቤቱታ በፊት ያዢው ነጋዴ ነው ወይስ ቀማኛ የሚለውን ይለዩ። የተለመደ ቃል ቀድሞ አስመዝግቦ ገዢ እስኪመጣ የሚያቆይ ሰው፣ የሚጠራው ዋጋ ምንም ያህል ቢያስቆጣ፣ በዚህ ብቻ ጥፋተኛ አይባልም። የሌላውን የንግድ ምልክት ዐውቆ ያስመዘገበና ለባለቤቱ መልሶ በውድ ሊሸጥ ወይም ደንበኞቹን ሊያሳስት የተነሣ ግን ቀማኛ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ለእውነተኛው ተበዳይም አይጠቅምም።

ለመለየት ሁለት ቀኖችን ያነጻጽሩ፦ በምልክቱ ላይ መብት ያገኙበትን ቀንና አሁን ያለው ያዢ ስሙን የያዘበትን ቀን። የእሱ ከቀደመ አቤቱታው አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ ገና ያልተፈጠረን መብት አስቦ መቀማት አይቻልምና።

ቀኖቹ ከደገፉዎት፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የዶሜይን ስም ክርክር መፍቻ ፖሊሲ መሠረት ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ስሙ ከምልክትዎ ጋር አንድ ዓይነት ወይም እስከማደናገር የሚመሳሰል መሆኑን፣ ያዢው በስሙ ላይ መብትም ሆነ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ እንዲሁም ስሙ ከቅን ልቦና ውጭ ተመዝግቦ በዚያው መንገድ እያገለገለ መሆኑን ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ አንዱ ከጎደለ አቤቱታው ይወድቃል። ከባዱ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በስሙ የተከፈተው ድረ ገጽ ሳይለወጥ ምስሉን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ያዢው ራሱ ጀምሮ የላከልዎትን የሽያጭ ጥያቄም ይጠብቁ፣ እርስዎ ዋጋ ጠይቀውት የመለሰው መልስ ክብደቱ ያነሰ ነውና። ታዋቂነትም ብቻውን አይበቃም፦ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዋናይቷ ጁሊያ ሮበርትስ በስሟ የተመዘገበውን ዶሜይን ስታስመልስ፣ ድምፃዊው ስቲንግ ግን መጠሪያው ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ስለሆነና የያዢው ክፉ ሐሳብ ስላልተረጋገጠ ተረትቷል።

ጉዳዩን አንድ ዳኛ ሲያየው፣ እስከ 5 ስም ለያዘ አቤቱታ የሚከፈለው 1,500 ዶላር ነው። ቢረቱ ስሙ ይዛወርልዎታል ወይም ይሰረዛል እንጂ ካሳ አይገኝም፤ ካሳ የሚፈልግ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። የዶሜይን ስም ቅሚያን በሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ዳኛ በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ሊወስን ይችላል።

መብት ሳይኖራቸው ፖሊሲውን ሰው ለማስጨነቅ የሚጠቀሙ ኩባንያዎችም አሉ፤ ይህም ከመጀመሪያው ቅሚያ ያላነሰ በደል ነው፣ ዳኞችም በውሳኔያቸው ላይ በግልጽ ይመዘግቡታል። መብትዎ ደካማ ከሆነ ስለ ዋጋው መደራደር ይሻላል። ያን ጊዜ ገንዘቡን ለሻጩ በቀጥታ አይላኩ፤ ገንዘቡን በመካከል ይዞ በሚያቆይ አደራ ያዥ በኩል ይክፈሉ፣ ስሙ በእርስዎ መለያ ሥር መግባቱን ሳያረጋግጡም ክፍያው እንዲለቀቅ አይፍቀዱ።